ከልዩ ልዩ አገር መጡ፤ በአንድ ማዕድ ተቀመጡ

(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኢታንግ በተማሪዎች ስም የተነገረ)



 የመረጥነው አርእስት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ከምን ከምን ወገን እንደ ተሰበሰቡና አንድነታቸውን በምን እንዳቆሙት የሚናገር ነው። ስብከት ለመስበክ አልተነሣንም፤ ያ የካህናትና የሰባክያን ሥራ ነው። ከመካከላችንም ሙስሊም ጓደኞች እንዳሉ አንዘነጋም። የእነርሱም ታሪክ ልዩ ልዩ ወገን በአንድ እምነት ሲሰበሰብ የተጀመረ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አማኞች መካከል ሐበሻዊው ቢላል ይገኛልና። እኛ የምንናገረው እንደ ታሪክ ተማሪዎች ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ዘራቸው፣ ቋንቋቸውና ሀብታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ እምነት ማኅበር ከሆኑ በኋላ ያንን ማኅበር ከዕለት ወደ ዕለት ሳይፈርስ የሚያቆየው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ለኢታንግ ሰው እንግዳ አይደለም። ወረዳችን ልዩ ወረዳ ይባላል፤ አኙዋ፣ ኑዌርና ኦፖ ይኖሩበታል፤ ከደጋው አገር የመጡም አብረውን አሉ። ባሮም ለዓሣ አጥማጁ፣ ለከብት አርቢውና በዳርቻው በቆሎ ለሚዘራው ሁሉ አንድ ወንዝ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል ውስጥ የኢታንግ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ውል ፈቅደዋል። ጣቢያው ኋላ በጋምቤላ ተቋቁሞ፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ድረስ ዕቃ የጫኑ መርከቦች ወንዙ በሞላ ጊዜ ወደዚያ ይመላለሱ ነበር። ስለዚህ በባሮ ዳር ያደገ ሰው እንግዳ ፊትና እንግዳ ቋንቋ ማየት ከጥንት የለመደው ነው። አብሮ መኖር ግን ከመተያየት የበለጠ ነገር ይጠይቃል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት መካከል ጴጥሮስና እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በገሊላ ባሕር ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ማቴዎስ ግን ቀራጭ ነበረ። ቀራጭ ማለት በኬላ ተቀምጦ ግብር የሚሰበስብ ሰው ሲሆን፣ ሕዝቡ የገዥዎች መሣሪያ ነው እያለ ይጠላው ነበር። በዚያው ቍጥር ውስጥ ቀናተኛ የተባለ ስምዖን አለ፤ ይህም ስም ለሕጉና ለአገሩ የሚቀና፣ የባዕድን አገዛዝ የሚጠላ ማለት እንደ ሆነ ብዙዎች ሊቃውንት ይናገራሉ። እንዲህ ከሆነ ቀራጩና ቀናተኛው በሌላ ቀን በገበያ ቢገናኙ ሰላምታ እንኳ ባልተሰጣጡ ነበር። ወንጌል ግን የሁለቱን ስም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይጽፋል። በምን ቀን እንደ ታረቁ አይነግረንም፤ አብረው ሲሄዱና አብረው ሲበሉ ያሳየናል።

ከዚያም በበዓለ ኀምሳ ቀን በኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ሕዝብ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ይዘረዝራል። ከጳርቴና ከሜዶን፣ ከመስጴጦምያና ከቀጰዶቅያ፣ ከግብፅና ከሊቢያ፣ ከሮሜ፣ ከቀርጤስና ከዓረብ አገር የመጡ ነበሩ። እዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች ልብ ያልነው ነገር አለ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የራሳቸውን ቋንቋ ትተው አንድ አዲስ ቋንቋ ተማሩ ተብሎ አልተጻፈም። እያንዳንዱ መልእክቱን የሰማው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው። እምነቱ አንድ ሲሆን ቋንቋዎቹ ብዙ እንደ ሆኑ ቀሩ።

ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያ ደስታ ብዙ ሳይቆይ ችግር ተነሣ፤ ችግሩም ስለ ትምህርተ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ ምግብ ነበረ። በኢየሩሳሌም ማኅበር ውስጥ ሁለት ወገን ነበረ። አንዱ የአገሩ ተወላጅ ሆኖ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው በውጭ አገር አድጎ ግሪክኛ የሚናገር ነው። በየቀኑ ለድኾች ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይረሱ ስለ ነበር ወገኖቻቸው አጕረመረሙ።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ሐዋርያት በዚያን ቀን ምን ሊያደርጉ ይችሉ እንደ ነበር እናስብ። የሚያጕረመርም ሰው እምነቱ የጎደለ ነው ብለው ሊገሥጹ ይችሉ ነበር። ሁላችንም አንድ ነንና ወገን አትለዩ ብለው ዝም ሊያሰኙም ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ሕዝቡን ጠርተው፣ መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች ለዚህ ሥራ ምረጡ አሉ። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ናቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ኒቆላዎስ እንዲያውም በትውልዱ አይሁዳዊ ያልነበረ፣ ኋላ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባ ሰው ነበረ። ስማቸው እንደሚያመለክተው፣ የማደሉን ሥራ የያዙት ተረሳን ካለው ወገን የወጡ ሰዎች ናቸው። የጎተራው ቍልፍ ለከሳሹ ተሰጠ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጕዳይ ሌላ ክርክር ተነሥቶ እንደ ሆነ መጽሐፉ አይናገርም።

ከእነዚህ ከሰባቱ አንዱ የሆነው ፊልጶስ ነው ኋላ በጋዛ መንገድ ከኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጋር የተገናኘው። ጃንደረባው የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ቤት ሹም ነበረ፤ በሰረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። በኦሪት ሕግ መሠረት ጃንደረባ ወደ ጉባኤ እንዲገባ አይፈቀድለትም ነበር። እንግዲህ በአገሩ ባለሥልጣንና ባለጠጋ የሆነው ሰው በኢየሩሳሌም በር ላይ ጐዶሎ ሆኖ ይቈጠር ነበር ማለት ነው። ፊልጶስ ግን ከጎኑ ተቀምጦ አስረዳው፤ ውሃ ባገኙም ጊዜ አጠመቀው።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ህንደኬ በዛሬይቱ ሱዳን፣ በዓባይ ዳር በነበረችው በመርዌ መንግሥት ውስጥ የንግሥቶች የማዕረግ ስም ነው። በዚህ በኢታንግ ፊት የሚያልፈው የባሮ ውሃ ወደ ሶባት ይገባል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ፤ ነጭ ዓባይም በካርቱም ከጥቁር ዓባይ ጋር ተገናኝቶ በመርዌ ፍርስራሽ አጠገብ ያልፋል። ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አንዱ የነበረው ያ ሹም ወደ ቤቱ ተመልሶ የጠጣው ውሃ ከእኛ ወንዝ የተቀላቀለበት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከኢየሩሳሌም ቀጥሎ ትልቋ የክርስቲያኖች ከተማ አንጾኪያ ነበረች። የዚያች ማኅበር መምህራን አምስት ሰዎች በስም ተጽፈዋል። በርናባስ የቆጵሮስ ሰው ነው። ስምዖን ኔጌር ይባላል፤ ኔጌር በሮማይስጥ ጥቁር ማለት ነው። ሉክዮስ የቀሬና፣ ማለትም የሊቢያ ሰው ነው። ምናሔ ከገዥው ከሄሮድስ ጋር በአንድ ቤት ያደገ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። አምስተኛው ሳውል የጠርሴስ ተወላጅ ሲሆን፣ ቀድሞ ክርስቲያኖችን እያሳደደ ያሳስር ነበር። ክርስቲያን የሚለውም ስም መጀመሪያ የተሰማው በዚህች ከተማ ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለንም። እንደዚህ ያለውን ድብልቅ ማኅበር በአንድ ነገድ ስም መጥራት ስላልተቻለ ሰዎች አዲስ ስም ሳያስፈልጋቸው አልቀረም። በይሁዳ ራብ በሆነ ጊዜም የአንጾኪያ ሰዎች እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው ፊታቸውን ላላዩአቸው ወንድሞች ርዳታ ላኩ።

በዚችው በአንጾኪያ ግን የአንድነቱ ማዕድ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ክርስቲያኖች ጋር ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በርናባስ እንኳ አብሮ ተሳበ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። ይህን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ነው። የአለቆቹን ድካም ሳይሸሽጉ ለልጅ ልጅ ማስተላለፋቸው ያስደንቀናል፤ ስሕተት ከተሸሸገ የሚማርበት አይገኝምና።

ነገሩ በእንዲህ ሳይቀር በ50 ገደማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢየሩሳሌም ጉባኤ ተደረገ። ጥያቄው ይህ ነበር፤ ከአሕዛብ ወገን የሚያምን ሰው ተገርዞ የአይሁድን ሥርዓት ሁሉ መፈጸም አለበትን? በዚያም ጴጥሮስ ተናገረ፤ ጳውሎስና በርናባስም ያዩትን አስረዱ፤ ያዕቆብም ፍርዱን ሰጠ። በውሳኔውም የመገረዝ ሸክም በአሕዛብ ላይ እንዳይጫን ተደረገ፤ እነርሱም በበኩላቸው አይሁዳውያን ወንድሞቻቸውን ከሚያስነውር ምግብ እንዲጠበቁ ተጠየቁ። አንዱ ወገን ሌላውን አላሸነፈም። እያንዳንዱ ከራሱ ጥቂት ተወ፤ የተወውም አብሮ ለመብላት የሚከለክለውን ነገር ነው።

ልዩነቱ የዘር ብቻ አልነበረም፤ የሀብትም ነበረ። በፊልጵስዩስ መጀመሪያ ካመኑት መካከል ቀይ ሐር ትሸጥ የነበረችው ነጋዴ ልድያና የወህኒው ጠባቂ ይገኛሉ። በቆሮንቶስ ማኅበሩ ለራት ሲሰበሰብ ያለው ሰው ቀድሞ ይጠግብና ይሰክር ነበር፤ የሌለው ግን ተርቦ ይቀር ነበር። ጳውሎስም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዳይበላ አዘዛቸው። ደግሞም አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ከጌታው ከፊልሞና ተለይቶ በነበረ ጊዜ፣ ጳውሎስ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለጌታው ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ዘመን ባሪያ እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ እንደ ነበር ስናስብ የዚያ አጭር ደብዳቤ ክብደት ይታወቀናል።

ወደ አገራችንም ስንመለስ ያው ነገር ይገጥመናል። በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የደረሰው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ፤ በልጅነቱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በቀይ ባሕር ዳር ተይዞ የመጣ ነው። በሥልጣን ላይ በነበረ ጊዜ ከሮማ ግዛት ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ ይረዳቸው ነበር። ኋላም በግብፅ በእስክንድርያ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን። እንግዲህ በአክሱም በመጀመሪያ ከታወቁት የጸሎት ማኅበሮች አንዱ የእንግዶች ነጋዴዎች ማኅበር ነበረ፤ የመጀመሪያውም ጳጳስ ተማርኮ የመጣ የባዕድ አገር ልጅ ነበረ። ንጉሥ ዔዛናም ክርስቲያን ከሆነ በኋላ በድንጋይ ላይ ያስጻፈው ጽሕፈት በግዕዝም በግሪክኛም ተገኝቷል።

በባሮ ዳርም ቢሆን እምነት በብዙ በር ገብቷል። ከደጋው የመጡት ኦርቶዶክሳውያን ታቦታቸውን ይዘው መጥተዋል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በፖክዎ ጣቢያ መሥርቶ በአኙዋ መካከል ሠርቷል። በ1975 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት እንደ ገና ሲነሣ፣ በዚሁ በኢታንግ በተቋቋመው መጠለያ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ስደተኛ ተጠግቶ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ ኖሯል። ኑዌር፣ ዲንካ፣ ሺሉክና ኡዱክ በየቋንቋቸው እየጸለዩ በአንድ መጠለያ ውስጥ ኖሩ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ በወረዳችን የኩሌና የቲርኪዲ መጠለያዎች ተከፈቱ።

ክቡራን ሆይ፣ አሁን የምንናገረው የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ግን ዝም ብለን ብናልፈው ንግግራችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በጥር 2008 ዓ.ም. በክልላችን በአኙዋና በኑዌር ወገኖች መካከል በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል። ከዚያም በኋላ ደም ፈስሷል። በሁለቱም ወገን እሑድ ጧት ለአንድ አምላክ የሚዘምሩ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ አንድ እምነት አለን ማለት ብቻውን አልበቃም። የቀድሞዎቹም ክርስቲያኖች ታሪክ የሚነግረን ይህንኑ ነው። እምነቱ ሰዎቹን በአንድ ቤት ሰበሰባቸው፤ በቤቱ ውስጥ ግን እንጀራውን በትክክል ማደል፣ ቅሬታን መስማት፣ ሌላውን መጠበቅና ከራስ ጥቂት መተው የእነርሱ ሥራ ነበር። ይህን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ጴጥሮስን የሚያህል ሐዋርያ ባለበት ማዕድ እንኳ ሰው ከሰው ተለየ።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለራሳችን ማኅበር ሦስት አሳብ እናቀርባለን። ሦስቱም ትንንሽ ናቸው፤ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ መጽሐፍ፣ ደብተር ወይም ሌላ ርዳታ ለተማሪዎች ሲታደል እኛ ተረሳን የሚል ወገን ቢኖር፣ ዘረኛ ነህ ተብሎ አይሰደብ። ከመካከሉ መልካም ስም ያላቸው ሁለት ልጆች ተመርጠው ወደ አዳዩ ኮሚቴ ይግቡ፤ ዝርዝሩንም በእጃቸው ይያዙ። ቅሬታው እውነት ከሆነ ይታረማል፤ እውነት ካልሆነም ያጕረመረመው ራሱ አይቶ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፣ የቤት ቋንቋችን በተማሪ ቤት አያሳፍረን። አማርኛና እንግሊዝኛ ለትምህርታችንና ለመግባባታችን እጅግ ያስፈልጉናል፤ አጥብቀንም እንማራቸዋለን። ነገር ግን እያንዳንዳችን ከጎረቤታችን ቋንቋ ቢያንስ ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና ይቅርታ የሚለውን ቃል እንወቅ። በበዓለ ኀምሳ ቀን ሰው ልቡ የተነካው በገዛ ቋንቋው ሲናገሩት ነው።

ሦስተኛ፣ አብረን እንብላ። በዕረፍት ሰዓት አኙዋው ከአኙዋ፣ ኑዌሩ ከኑዌር፣ ኦፖው ከኦፖ፣ ደገኛው ከደገኛ፣ የመጠለያውም ልጅ ከመጠለያው ልጅ ጋር ብቻ ክብ ሠርቶ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽማግሌዎቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይላሉ። ሃምሳው ሰው ግን ሃምሳ ሎሚውን የሚይዘው ከአንድ መንደር ብቻ ሳይሆን ከየመንደሩ ቢሆን ጌጡ ይበልጥ ያምራል።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር በትሕትና እንለምናለን። እኛ በክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ለሦስት ተቀምጠን ከአንድ መጽሐፍ እናነባለን። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ስለዚያ ስለ ወንበር ጓደኛችን ወገን የምንሰማው ቃል አንዳንድ ጊዜ ጧት እንደ ገና ከጎኑ መቀመጥ ያስቸግረናል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያዩትን መከራ አንክድም፤ የሞተባቸውንም ሰው እንዲረሱ አንጠይቅም። ኀዘኑ ይነገረን፤ ጥላቻው ግን በውርስ አይሰጠን ብለን እንለምናቸዋለን። መምህራኖቻችንም በክፍል ሲያስቀምጡንና የቡድን ሥራ ሲሰጡን ይህን ያስቡልን ዘንድ አደራ እንላለን።

ዛሬ ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ በወላጆቻችን ድካም ምሳ ተዘጋጅቷል። ከባሮ የወጣ ዓሣ አለ፤ የበቆሎ ገንፎ አለ፤ ወተት አለ፤ እንጀራና ወጥም አለ። ሁሉም ከየቤቱ የመጣ ነው። በዚህ ንግግር የተባለው ሁሉ እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያ ምሳ ላይ ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ይታያልና። እኛ የተማሪዎች ማኅበር አባሎች ለመበታተን ተስማምተናል። እናንተም ትተባበሩናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እግዚአብሔር ተማሪ ቤታችንን፣ ወረዳችንንና አገራችንን ይባርክ።